ራሞን ማለት ምን ማለት ነው?

ሽማግሌ ሆኖ መላክ ክብር ነው ይባላል። ይህን ያሉ ሰዎች ወደ ጋሽ ወርቁ ቤት ተልከው አያውቁም።

ጋሽ ወርቁን የማታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ሳን ሆዜና አካባቢዋ ካለው ሐበሻ ግማሹን መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ እሳቸውን መፍራት ግን ጡረታ አልወጣም። የማስተማሪያዋ መኪና በእሳቸው በኩል ሁለተኛ ፍሬን ነበራት። ጋሽ ወርቁ አይጮኹም፣ አይሳደቡም፤ ዝም ብለው ፍሬኗን ይረግጣሉ። አረንጓዴ ሲበራ ይረግጣሉ። መንገዱ ጭር ሲል ይረግጣሉ። አንድ ጊዜ መኪናዋ ቆማ ሳለችም ረግጠዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ዞር ይሉና ያዩሃል። ያን አስተያየት የቀመሰ ሰው መንጃ ፈቃድ ቢያወጣም ልቡ ቦታዋ አትመለስም። እኔ ይኸው ስንት ዘመን የኤርፖርት ሻትል ስነዳ ኖሬ፣ ዛሬም ሳን ሆዜ የሚል ምልክት ሳይ ሳላውቀው ፍጥነት እቀንሳለሁ። ከኋላዬ ያሉት በክላክስ ይሰድቡኛል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ስለሆነ እናቴን ላሳዝናት አልፈለግሁም። ችግሩ ፍርሃቴ እንደ ሰው ፍርሃት አይደለም። ሌላውን ሰው ፍርሃት ዝም ያሰኘዋል፤ እኔን ያስለፈልፈኛል። አንድ ጊዜ ፖሊስ አስቁሞኝ የኋላ መብራትህ አይበራም ቢለኝ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ አማቴ ጠባይ፣ ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ጓሮ ስለሰረቅሁት ዘይቱን ሁሉ ነገርኩት። ሰውየው አዝኖ ለቀቀኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የምነዳትን አውቶቡስ የሚጠግን ራሞን የሚባል መካኒክ አለ። ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ እሱ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ነው የሚግባባው። አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ሥር ተኝቶ ሳለ "ጋሼ" ብሎ ጠራኝ። ከሥር የወጣው አማርኛ ስለሆነ ደነገጥኩ። ማን አስተማረህ ብለው ቤዛ አለኝ። የትኛዋ ቤዛ ብለው፣ ነርሷ ቤዛ፣ የሚስተር ወርቁ ልጅ፣ ላገባት እፈልጋለሁ፣ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። የያዝኩት ቡና ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

ቤዛ ለጋሽ ወርቁ አንድያ ልጃቸው ናት። እናቷ ቀድማ አርፋለች፤ እሳቸው በጨቅላነቷ ታቅፈዋት መጥተው እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው አሳደጓት። እሷን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ሐበሻ ጠፍቶ አይደለም። ኢንጂነር ልኮ ነበር፤ መለሱት። ፋርማሲስት ልኮ ነበር፤ መለሱት። ምክንያት አይናገሩም፤ "አይሆንም" ብቻ ነው። ኩራት ነው ያለ አለ፣ ልጃቸውን ለልዑል ነው የሚያስቀምጧት ያለ አለ። አሁን እኔ ሜክሲኮዊ መካኒክ ይዤ ልቀርብ ነው። ቤዛ ደግሞ ለራሞን ቁርጡን ነግራዋለች፦ አባቴ እምቢ ካለ አላገባህም፤ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። ልጁ ይህን ሲነግረኝ እጁ ላይ ያለውን መፍቻ እያገላበጠ ያየው ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እምቢ ማለት አቃተኝ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጥኩ። ለቁጥር ማሟያ እቆማለሁ እንጂ አልናገርም አልኩ። ተናጋሪው ዶክተር ይልማ እንዲሆኑ ለመንኩ። ዶክተር ይልማ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ዳሊ ሲቲ የሚኖሩ ሊቅ ናቸው። አማርኛቸው ማር ነው። በእሳቸው አማርኛ የተጋቡ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ተፋተዋል፤ ያ ግን የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው ሽማግሌ የራሞን አጎት ሆኑ፤ ዶን ቤቶ ይባላሉ። ከስፓኒሽ ሌላ አይናገሩም። ነገሩን ግን ከራሞን ቀድመው ነው የተረዱት፤ በእነሱም አገር ለካ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ራሞን ማለት ምን ማለት ነው? ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ የስም ትርጉም ካልተነገረን እንቅልፍ የማይወስደን ሕዝብ ነን። ፈረንጅ ጄፍ ነኝ ብሎ ሲጨብጠን እንኳ ምን ማለት ነው እንለዋለን፤ ጄፍም ሲጨነቅ ይውላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ መልአኩ ምን አስቦ እንደነበር ማወቅ እንፈልጋለን።

ራሞንን ብጠይቀው "እናቴ ናት ያወጣችልኝ፣ እሷን አስክ አድርጋት" ብሎኝ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ትርጉሙን የማያውቁትን ስም ተሸክሞ መኖር፣ ኤርፖርት ውስጥ የማያውቁትን ሻንጣ ይዞ እንደመዞር ነው። ፈራሁለት። እናቱን መጠየቅ ቀላል ነበር፤ እኔ ግን አዋቂ ነኝና ስልኬን ጠየቅሁ።

ስሙ ለካ ስፔን አደገ እንጂ ስፔን አልተወለደም። ከጥንት ጀርመኖች ቋንቋ የመጣ ነው አሉ፤ ከሁለት ቃል የተጋጠመ፣ አንዱ ምክር፣ ሌላው ጥበቃ። ከሰሜን የወረዱ ነገዶች ይዘውት ወረዱ። ሌላው ዓለም ሬይመንድ ሲለው ስፔኖች አላምጠው አላምጠው ራሞን አደረጉት። የካታሎንያ መሳፍንት ደግሞ እጅግ ወደዱትና አባት ለልጁ ሲያወርሰው፣ ልጁ ደግሞ ለልጁ ሲያወርሰው፣ መስፍኑ ቢሞት እንኳ ሕዝቡ አዲስ ስም የመልመድ ችግር አልነበረበትም። ከዚያ በመርከብ ተጭኖ ሜክሲኮ ገባ። ከሜክሲኮ ኦክላንድ መጣ። ይኸው ዛሬ አውቶቡሴ ሥር ተኝቶ ዘይት ይቀይራል። በእኛ ቢሆን ምክሩ ወይም ከለላው የሚባል ሰው ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ስልክ ግን አያቆምም፤ አንዱን ስትነካው ሌላ ይከፍትልሃል። ስሙን ከመሳፍንት ግቢ አውጥቶ ድሃ ቤት ያስገባው ለካ አንድ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ራሞን ያልተወለደው ይሉታል። እናቱ በምጥ ሞተች፤ እሱን ከሞተች እናቱ ሆድ ቀደው አወጡት። ስለዚህ አልተወለደም ተባለ። አድጎ መነኮሰና ባሕር ተሻግሮ ምርኮኞችን እየዋጀ ያስፈታ ጀመር። የሚከፍለው ሲያልቅበት በእነሱ ፋንታ ራሱን ሰጠ። ወህኒ ቤትም ገብቶ መስበኩን አልተው ቢል ከንፈሩን በጋለ ብረት በስተው ጓጉንቸር ቆለፉበት። እስከ ዛሬ ሐሜት የመረራቸው ሰዎች ምስሉ ፊት ጓጉንቸር ያንጠለጥላሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና አዋላጆች ደግሞ ይሳሉለታል።

ይህን ኩሽና ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ይህ እኮ ገድል ነው፤ ለጋሽ ወርቁ ከዚህ የበለጠ ምን ይቀርባል አልኳት። እሷ ግን ሽንኩርቷን መክተፏን አላቆመችም።

"መካሪና ጠባቂ ማለት ነው በልና ዝም በል" አለችኝ። "ዝም አይነቅዝም። ከቅዱሱ የምትማር ከሆነ ጓጉንቸሩን ተማር።"

እሑድ ደረሰ። ዶክተር ይልማን ከባቡር ጣቢያ ልቀበላቸው ሄድኩ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ከሩቅ ሲታዩ ልብ ያሳርፋሉ። ቀረብ ስል አንድ ጉንጫቸው ብርቱካን ጎርሰው የረሱት ይመስላል። ለካ ቅዳሜ ጠዋት የመንጋጋ ጥርሳቸው ተነቅሎ አፋቸው አልከፈት ብሏል። ደህና አደሩ ወይ ብላቸው "እምም" አሉኝ። ምን ልናደርግ ነው ብላቸው በከዘራቸው ደረቴን ነካ አደረጉኝ። አንተ ተናገር ማለታቸው ነው።

ወዲያው ራሞን ጋ ደወልኩና ካንስል እናድርገው አልኩት። ቤዛ ለአባቷ ነግራለች፣ እየጠበቁ ነው አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ያኔ ነው የተረዳሁት። በአንድ ቀን ሁለቱም ደረሱብኝ።

ዶን ቤቶን ከፍሩትቬል ጫንናቸው። ባለቤቴ ጋቢ ልካላቸው ነበር፤ ከትልቁ ባርኔጣቸው ጋር ሲሆን ከየት አገር እንደመጡ ለማወቅ ያስቸግራል። ራሞን በፒክአፑ ተከተለን። አጠገቡ እናቱ ዶኛ ሮሳ ተቀምጠዋል። ሴት በዚህ ጉዳይ እንደማይገባ ቤዛ አስረድታቸዋለች፤ ቢሆንም በእንዲህ ያለ ቀን ልጄን ብቻውን አልልክም፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ብለው ድስት ይዘው ወጡ።

በስምንት ሰማንያ አውራ ጎዳና ቁልቁል ነዳን። ኒውአርክ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። ሚልፒታስ ስንደርስ መጸለይ ጀመርኩ። የጋሽ ወርቁ ደጅ ስንደርስ አስተካክዬ ለማቆም ሦስቴ ወዲያና ወዲህ አልኩ፤ በመጋረጃ እንደሚያዩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ራሞን ከማዕዘኑ ዘወር ብሎ ቆመ።

ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ከፈቱልን። እንዳልነበሩ ሆነው ከስተዋል፤ አስተያየታቸው ግን ያው ነው። ግቡ አሉን። ሳሎኑ መሐል ተደርድረን ቆምን። ተቀመጡ አሉ።

"እግዜር ይስጥልን ጋሼ፤ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" አልኩ። ሥርዓቱ ነው። ዶክተር ይልማ በክብር "እምም" አሉ። ዶን ቤቶ ሥርዓቱን ማን ይንገራቸው፣ ተቀመጡ ሲባል በእጅ ምልክት ተረድተው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። በጋቢያቸው ጫፍ ጎትቼ አስነሣኋቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ። እሱን ላነሣ ሳጎነብስ የዶክተሩን ከዘራ ገፋሁ፤ ዶክተሩ በዶን ቤቶ ላይ ተደገፉ። ቀና ስል የጋሽ ወርቁ ቀኝ እግር ምንጣፉን አጥብቃ ረግጣለች።

ከኩሽና በኩል በሩ ገርበብ ብሏል። ቤዛ እዚያ እንዳለች አውቃለሁ፤ ትንፋሿ አይሰማም።

"እሺ፤ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ልጅ አለን፤ እርስዎም ልጅ አለዎት። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን በእግዚአብሔር ስም ልንለምን ነው" አልኩ። ይህን ክፍል ስንት ሰርግ ላይ ስለሰማሁት ሳልሳሳት አለፍኩ። በራሴ ተገረምኩ።

ልጁ ማነው አሉ። ተናገርኩ፤ አገሩን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን። ሜክሲኮ የሚለውን ቃል ስናገር ጣሪያው ይወርድብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ። አልወረደም። ስሙስ አሉ። ራሞን አልኩ። ባለቤቴ እንዳለችው ሆነ።

"ራሞን ማለት ምን ማለት ነው?"

"መካሪና ጠባቂ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ስም ነው አሉ። አያችሁ፣ ጥሩ ስም ነው አሉ። ከዚህ በኋላ እኔ እንደ ዶክተሩ "እምም" ብዬ ብቆም ይህን ወግ ባልጻፍኩት ነበር። ግን እሳቸው ዝም አሉ። ዶክተሩ ዝም አሉ። ዶን ቤቶም ዝም። ሰዓቱ ብቻ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው ዞር አሉና አዩኝ፤ በማስተማሪያዋ መኪና ውስጥ እንደሚያዩኝ። አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

ደግሞም ጋሼ፣ ስሙ የታላቅ ቅዱስ ስም ነው አልኩ። ቅዱስ ራሞን ያልተወለደው ይባላል አልኩ። ገድሉን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ምጡን ተናገርኩ። እናቱ ስትሞት አዋላጆቹ እንዴት እንደጮኹ፣ ይህን ስልኬም አልነገረኝም፣ ጨምሬ ተናገርኩ። ከሞተች እናቱ ሆድ ሕፃኑን በጩቤ ቀደው እንዳወጡት በእጄ ጭምር አሳየሁ። ዶክተር ይልማ በከዘራቸው እግሬን ይጎስሙኛል፤ ያበረታቱኝ መሰለኝ። ስለዚህ ምርኮኞቹ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"በመጨረሻም ጋሼ፣ ራሱን ቤዛ አድርጎ ሰጠ" አልኩ። የልጃቸውን ስም ከቅዱሱ ሥራ ጋር በማጋጠሜ ደስ ብሎኝ ቆምኩ።

ጋሽ ወርቁ የወንበሩን መደገፊያ ይዘዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው አስተያየት የለም፤ ጠፍቷል። እንደዚያ ባዶ ፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት እሳቸውን ፈርቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለእሳቸው ፈራሁ።

"እናቱ ሞተች አልክ" አሉ።

"አዎ ጋሼ፤ ሕፃኑ ግን ተረፈ።"

"ተረፈ።" ቃሏን ለራሳቸው ደገሟት። "ልጄን ለምን ቤዛ እንዳልኳት ታውቃለህ?"

የቤተ ክርስቲያን ስም ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው።

"እናቷ አላቀፈቻትም። አንድ ጊዜም አላቀፈቻትም። ነርሷ መጥታ ልጅቷን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ። ልጄን የተቀበልኳት በእናቷ ሕይወት ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋና አቀርብ ነበር። እኛ ሐበሾች ባለቤታቸው አርፈዋል ሲባል ነፍስ ይማር ብለን፣ እንጀራና ወጥ ይዘን ሄደን፣ ተቀምጠን እንመለሳለን። እንዴት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። እኔ መጥቼ፣ ያውም ለምኜ ልጃቸውን ልወስድ መጥቼ፣ ያችን ቀን ሳሎናቸው መሐል በእጄ እያሳየሁ ተረኩላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። አልሰሙኝም።

"ሰው ኩሩ ነው ይለኛል" አሉ። "ኢንጂነሩን መለሰ፣ ፋርማሲስቱን መለሰ ይላል። አንዱንም አልጠላሁም። ይሄንንም ልጅ አልጠላሁትም፤ ሜክሲኮም ይሁን ከየትም ይሁን።" ወደ ኩሽናው በር አዩ። "ያገባች ትወልዳለች። እኔ የምፈራው መውለዷን ነው።"

ያን ሁሉ ዘመን አረንጓዴ መብራት ላይ ፍሬን ሲረግጡ የኖሩት ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ከሰውየው ሳን ሆዜን ያህል ርቄ ስሸሽ፣ እሳቸው ከእኔ የባሱ ፈሪ ኖረዋል።

ያኔ ነው ቤዛ ከኩሽና የወጣችው። በሥርዓቱ መታየት አልነበረባትም። ፊቷ በእንባ ርሷል። "ዳድ" ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ዶን ቤቶ ከእኔ ገድል ውስጥ የገባቸው ራሞን የሚለው ስም ብቻ ነው፤ ስሙ እንዲህ ሰው ካስለቀሰ ምን ተብሎ ነው ብለው በስፓኒሽ ጠየቋት። ሆስፒታል ውስጥ ስፓኒሽ ለምዳለች፤ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ቤዛ እየሰማች ሳለች አፏን በእጇ ያዘች።

"ዳድ፣ ሊስን" አለች፤ አማርኛዋ እየተደናቀፈ። "የራሞን እናት… ምጥ ላይ፣ ብዙ ደም ፈሰሳት። ዶክተሩ ሁለቱም አይተርፉም አለ። እና እሷ ለቅዱስ ራሞን ተሳለች። ልጄን አትርፍልኝ፣ በስምህ እጠራዋለሁ አለች። ለልጁ ብቻ ነው የተሳለችው፤ ለራሷ አልለመነችም። እና ሁለቱም… ቦዝ ኦፍ ዜም።"

ጋሽ ወርቁ ቀና አሉ።

"እናቱ አለች?"

"አለች። ውጪ መኪና ውስጥ ናት።"

"የት?"

"ከራሞን ጋር፣ ከማዕዘኑ ዞር ብሎ።"

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ሴትዮዋን ውጪ አስቀምጠህ ነው እዚህ የምትለፈልፈው?" አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። በነጠላ ጫማቸው ወጡ። እኛ ወደ ማዕዘኑ በሚያሳየው የጎን መስኮት ተሻምተን አየን፤ ዶክተሩም ሳይቀሩ ጉንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል። ማዕዘኑ ጋ ራሞን ሲመጡ አይቷቸው ከመኪናው ዘሎ ሲወርድ ራሱን በሩ ላይ መታ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ጋሽ ወርቁ አላዩትም። አልፈውት ሄደው በሌላ በኩል በሩን ከፈቱ። ዶኛ ሮሳን ከነድስታቸው ደግፈው አወረዱ።

አጭር ሴት ናቸው። ጋሽ ወርቁ ከሁሉ የሚሻለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ድስቱን ራሳቸው ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ራሞን በሩ አጠገብ ግንባሩን ይዞ ቆመ። ጋሽ ወርቁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሴትዮዋን አዩዋቸው። ከልባቸው ነው የሚያዩት፤ በሕይወት መኖራቸውን ለማመን የፈለጉ ይመስላል። ዶኛ ሮሳ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ።

"ያን ቀን ፈርተው ነበር ወይ በያቸው" አሉ ጋሽ ወርቁ ለልጃቸው።

ቤዛ ጠየቀች። ዶኛ ሮሳ ሳያስቡ መለሱ፤ ቤዛ ተረጎመች።

"በጣም ትላለች። ግን ከእኔ ይልቅ የፈራው ባሌ ነው ትላለች። እኔ ሰው ከቦኝ ነበር፤ እሱ ኮሪደር ላይ ብቻውን ነበር።"

ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እኔም ኮሪደር ላይ ነበርኩ" አሉ። "ብቻዬን።"

ቤዛ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ከዚህ ቀደም ስለዚያ ቀን ጠይቃቸው ካወቀች፣ ስለ እናቷ እንጂ ስለ እሳቸው ጠይቃ አይደለም። አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። የልጅ አባት እዚህ ላይ ነው ቅድመ ሁኔታውን የሚናገረው። ወርቅ የሚጠይቅ አለ፣ ሃይማኖት የሚጠይቅ አለ፤ ምን ሊመጣ ነው አልኩ በልቤ። ዶክተር ይልማ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። እናንተ ልትለምኑ ነበር የመጣችሁት፤ አሁን የምለምነው እኔ ነኝ። ቤዛ የምትወልድበት ቀን ሲመጣ፣ እኚህ ሴት ከእሷ ጋር አይግቡ። ለእሷ ሐኪም አላት፣ ባል አላት። እኚህ ሴት ከእኔ ጋር ኮሪደር ላይ ይቀመጡ።"

ቤዛ ልትተረጉም አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም።

ዶኛ ሮሳ ልጅቷን አዩ፣ ጋሽ ወርቁን አዩ። ማንም የተረጎመላቸው የለም። ከትልቁ ወንበር ተነሡና መጥተው ሶፋው ላይ ከጋሽ ወርቁ ጎን ተቀመጡ።